ፒክስል 4ኤ በሊኒየጅ ኦኤስ፦ ሮሙ ጥሩ ነው፣ ስልኩን ግን መርምረው ይግዙ

ጎግል ፒክስል 4ኤ እ.ኤ.አ. በ2020 በ349 ዶላር ሲወጣ አንድሮይድ 10 ነበር የያዘው። ጎግል እስከ አንድሮይድ 13 ድረስ አደረሰውና ከኦገስት 2023 በኋላ መደበኛውን የደኅንነት አፕዴት አቆመ። ስልኩ ራሱ ግን ገና ይሠራል፦ 6 ጊጋባይት ራም፣ 128 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ስናፕድራጎን 730ጂ፣ 5.81 ኢንች ኦሌድ ስክሪን፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፣ ከጀርባው ፈጣን የጣት አሻራ። በአንድ እጅ ይያዛል፣ ኪስ አያስጨንቅም። እንዲህ ያለ ስልክ ሶፍትዌሩ ስላበቃ ብቻ መሳቢያ ውስጥ መጣሉ ያሳዝናል። ሊኒየጅ ኦኤስ በጎግሉ ስርዓት ፋንታ ስልኩ ላይ የሚጫን፣ ከአንድሮይድ የተሠራ ነፃ ስርዓት (ሮም) ነው፤ 22ኛው ቅጂ አንድሮይድ 15ን ያመጣለታል፤ እዚህ የምንመዝነውም ይህንኑ ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ሮሙ የተረጋጋ፣ ቀላልና ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚበቃ ነው። ችግር የሚመጣው በአብዛኛው ከሮሙ ሳይሆን ከተገዛው ስልክ ነው፦ ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ስርዓቱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የማይከፈት ሆኖ ይገኛል፣ ወይም ባትሪው የማይታመን ይሆናል። ስለዚህ ከላፕቶፑ በፊት ሻጩ ፊት የሚደረገውን እናስቀድም።

ከመክፈልዎ በፊት

አገራችን የሚገቡት ያገለገሉ ፒክስሎች ብዙዎቹ ከአሜሪካ በዘመድ ወይም በነጋዴ እጅ የሚመጡ ናቸው። ቬራይዘን የሸጣቸው ፒክስሎች ቡትሎደር አይከፈትም። ሻጩ «ሲሙ ክፍት ነው፣ በማንኛውም ሲም ይሠራል» ቢልዎት እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የሲም መከፈትና የቡትሎደር መከፈት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማረጋገጫው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ይግቡ፣ ከታች ያለውን «ቢልድ ነምበር» 7 ጊዜ ይንኩ። ከዚያ «ሲስተም» ውስጥ «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ብቅ ይላል። እዚያ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚለውን ይፈልጉና ማብሪያውን ይሞክሩት። ከበራ ስልኩ ለዚህ ሥራ ይሆናል። ግራጫ ሆኖ ከቀረ መጀመሪያ ዋይፋይ ያገናኙት፤ ፒክስል ይህን ማብሪያ የሚፈቅደው ኢንተርኔት አግኝቶ ካጣራ በኋላ ነው። ኢንተርኔት አግኝቶም ግራጫ ከሆነ ይመልሱት፤ ምንም ትዕዛዝ አይከፍተውም። «በገንዘብ እከፍትልሃለሁ» የሚልዎትንም አይመኑ።

የቀድሞው ባለቤት የጎግል አካውንትም መውጣት አለበት። ሻጩ እፊትዎ ፋክተሪ ሪሴት አድርጎ ስልኩ ያለ አካውንት ጥያቄ እስከ መነሻ ገጹ ሲደርስ ይዩ። ሪሴት ከሪከቨሪ (ስርዓቱ ሳይነሳ ከሚገባበት የጥገና ገጽ) ተደርጎ ከመጣ የድሮውን አካውንት ይጠይቃል፣ ሴቲንግ ውስጥ ሳይገቡ ደግሞ ቡትሎደር አይከፈትም።

ስሙንም ያጣሩ። በሊኒየጅ ዝርዝር ፒክስል 4ኤ «ሰንፊሽ» ይባላል። ፒክስል 4ኤ 5ጂ ደግሞ ሌላ ስልክ ነው፣ መጠሪያውም «ብራምብል» ነው። የአንዱ ፋይል ለሌላው አይሆንም።

ባትሪው

ይህን ክፍል ዘለው አይለፉ። ጎግል በጃንዋሪ 2025 ለዚህ ስልክ ያልተጠበቀ አፕዴት ላከ። በአንዳንዶቹ ስልኮች ላይ የባትሪውን የሚገኝ አቅምና የቻርጅ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ለተነኩት ባለቤቶችም ነፃ የባትሪ ቅያሬ፣ 50 ዶላር ወይም ለአዲስ ፒክስል መግዣ የ100 ዶላር ቅናሽ አቀረበ። በአውስትራሊያ ጉዳዩ እንደ ምርት ጥሪ ወጥቶ፣ የሚግል ባትሪ እሳትና ቃጠሎ ሊያስነሳ እንደሚችል ተገልጿል።

ከዚያ ወዲህ «ሮም ጭነህ የባትሪ ገደቡን አምልጥ» የሚል ምክር በሰፊው ይሰማል። እኛ አንስማማም። ገደቡ የተቀመጠው በሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌር ሲቀየር ሊነሳ ይችላል። ባትሪው ግን ያው ባትሪ ነው። ገደቡ የተጣለበትን ስልክ ባትሪ ሳይቀይሩ ወደ ሙሉ ቮልቴጅ መመለስ ትራስ ሥር አደጋ ማስቀመጥ ነው። ቅደም ተከተሉ ባትሪ፣ ከዚያ ሮም ይሁን።

ስልክዎ ገደቡ እንዳለበት ማወቅ ቀላል ነው። በጎግሉ አንድሮይድ 13 ላይ እያለ 100 በመቶ ይሙሉት፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግ አብርተው ከላፕቶፕ ያገናኙት፣ በ«ፕላትፎርም ቱልስ» (አወራረዱ ከታች አለ) «ኤዲቢ ሼል ደምፕሲስ ባተሪ» (adb shell dumpsys battery) የሚለውን ትዕዛዝ ይስጡ። ከሚወጡት መስመሮች ሁለቱን ያንብቡ። «ቮልቴጅ» የሚለው በሚሊቮልት ነው፦ 100 በመቶ እያለ 3950 አካባቢ ከቆመ ገደብ አለበት፤ ከ4300 በላይ ከሆነ የለበትም። «ቴምፐሬቸር» የሚለው ደግሞ በዲግሪ ሴልሺየስ አስረኛ ነው፤ 312 ማለት 31.2 ዲግሪ ነው። ሥራ ፈቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከ400 በላይ የሚያሳይ፣ ወይም ስክሪኑ ከጀርባ ክዳኑ ጠርዝ ላይ በጥፍር ልክ የተነሳ ስልክ ባትሪው አይታመንም፤ ቻርጅ አያድርጉት።

ፋብሪካው ያስቀመጠው አቅም 3140 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ቅያሬ ባትሪ ላይ 4000 ወይም 5000 ተጽፎ ካዩ ጽሑፉ ውሸት ነው፤ በዚያ ስፋት ያን ያህል አይገባም። ለቅያሬ ስክሪኑ በሙቀት ይነሳል፣ ኦሌዱ ቀጭን ስለሆነ በቶሎ ይሰነጠቃል፤ ሥራውን ፒክስል ከፍቶ ለሚያውቅ ጠጋኝ ይስጡ።

አጫጫን፣ የሚበላሽበትም ቦታ

ላፕቶፕ ይመረጣል፤ መብራት ቢሄድ ባትሪው ያስጨርስዎታል። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። ስልኩ ቢያንስ 60 በመቶ ይሙላ። ኬብሉ ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን፤ ከርካሽ ቻርጀር ጋር የሚመጡ ብዙ ኬብሎች ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚያስተላልፉት፣ ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ዊንዶውስ ላይ የጎግል ዩኤስቢ ድራይቨር ያስፈልጋል። «ፕላትፎርም ቱልስ» የሚለውን የጎግል ጥቅል አውርደው በአጭር ስም ፎልደር ውስጥ ይፍቱት።

አራት ፋይሎች ያስፈልጋሉ፦ የሰንፊሽ የሊኒየጅ ዚፕ፣ ከዚያው ገጽ የሚወርደው የቡት ምስል፣ «ኮፒ ፓርቲሽንስ» የሚባለው ትንሽ ዚፕ፣ የጎግል አፖች ከፈለጉ ደግሞ ለአንድሮይድ 15 የተዘጋጀው «ማይንድ ዘ ጋፕስ» በኤአርኤም 64። ዋናው ዚፕ 1 ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ ፓኬጁን አስቀድመው ይያዙ። ሲያልቅ የኤስኤችኤ 256 ቁጥሩን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ከገጹ ጋር ያመሳክሩ። በተቆራረጠ ኔትዎርክ የወረደ ፋይል መጠኑ ትክክል መስሎ ውስጡ የተበላሸ ሊሆን ይችላል።

ስልኩ በመጨረሻው አንድሮይድ 13 ላይ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ አስቀድመው ያሳድጉት፣ ዳታዎን ሁሉ ያውጡ፣ አካውንቱን ያስወጡ። አሁን ያጥፉት፣ ፓወርንና ድምፅ መቀነሻን አብረው ተጭነው ይያዙ፤ ስልኩ ከኮምፒውተር ትዕዛዝ የሚቀበልበት የፋስትቡት ገጽ ይመጣል። «ፋስትቡት ፍላሺንግ አንሎክ» ብለው ያዝዙ፣ ስልኩ ላይ በድምፅ ቁልፍ «አንሎክ» የሚለውን መርጠው በፓወር ያጽድቁ። ሁሉም ዳታ እዚህ ይጠፋል።

ኮምፒውተሩ «ዌይቲንግ ፎር ዲቫይስ» ብሎ ከቆመ ድራይቨሩን፣ ቀጥሎ ኬብሉን፣ ቀጥሎ ቀዳዳውን ይጠርጥሩ። በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ፋስትቡት በዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ይሰናከላል፤ ወደ ዩኤስቢ 2 መቀየር ወይም በመሃል ሀብ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ቀጥሎ የቡት ምስሉን በ«ፋስትቡት ፍላሽ ቡት» ይጻፉ። ፒክስል 4ኤ ለሪከቨሪ የተለየ ክፍል የለውም፤ ሪከቨሪው ያለው ቡት ውስጥ ነው። ስለዚህ «ፋስትቡት ፍላሽ ሪከቨሪ» የሚል የሌላ ስልክ መመሪያ ካዩ ይለፉት። በድምፅ ቁልፍ «ሪከቨሪ ሞድ»ን መርጠው ይግቡ።

ቀጣዩን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ስልኩ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ስሎቶች አሉት፤ በአንዱ ሲሠራ አዲሱ በሌላው ላይ ይጻፋል። ሊኒየጅ ሲጫን ወደ ሌላኛው ስሎት ይገባል፣ ፈርምዌሩ (ቺፖቹን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ግን እዚያ አሮጌ ሊሆን ይችላል። አዲስ ስርዓት በአሮጌ ፈርምዌር ሲነሳ ኔትዎርክ ከማጣት ጀምሮ ስክሪኑ ጨርሶ እስከ አለመብራት ያደርሳል። «ኮፒ ፓርቲሽንስ» የሁለቱን ስሎቶች ፈርምዌር ያመሳስላል። ሪከቨሪው ላይ «አፕላይ አፕዴት»፣ ከዚያ «አፕላይ ፍሮም ኤዲቢ» ብለው በ«ኤዲቢ ሳይድሎድ» ይላኩት። ፊርማው አልተረጋገጠም ብሎ ቢጠይቅ «የስ» ይበሉ። ሲጨርስ «አድቫንስድ» ውስጥ ገብተው ሪከቨሪውን እንደገና ያስነሱ።

ከዚያ «ፋክተሪ ሪሴት» ብለው ዳታውን ፎርማት ያድርጉ። ይህን የረሳ ሰው ስልኩ በሊኒየጅ አርማ ላይ ሲሽከረከር ያድራል፤ የድሮው ስርዓት ያመሰጠረውን ዳታ አዲሱ መክፈት አይችልም።

አሁን ዋናውን ዚፕ በሳይድሎድ ይላኩ። ኮምፒውተሩ ላይ 47 በመቶ ሲደርስ ይቆምና አንዳንዴ «ፌይልድ ቱ ሪድ ኮማንድ፦ ሰክሰስ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። አይደንግጡ፣ ኬብሉን አይንቀሉ። ኮምፒውተሩ መቶኛውን በትክክል ስለማይቆጥር ነው፤ መታመን ያለበት ስልኩ ስክሪን ላይ የሚጻፈው ነው። 47 ላይ ነቅለው ከዜሮ የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ሳያስፈልግ።

ሲያልቅ ሪከቨሪው ተጨማሪ ጥቅል ለመጫን እንደገና ልነሳ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጎግል አፖች ከፈለጉ «የስ» ይበሉ። ምክንያት አለው፦ ስርዓቱ የተጻፈው በሌላኛው ስሎት ላይ ነው፣ ሪከቨሪው ከዚያ ስሎት ካልተነሳ ጋፕሱ (የጎግል አፖቹ ጥቅል) ወደ ተሳሳተው ይገባል። ጋፕሱ ከመጀመሪያው ቡት በፊት መግባት አለበት። አንድ ጊዜ ተነስቶ ካዩት በኋላ ቢጭኑት አፖቹ እየተዘጉ ያስቸግሩዎታል፤ መፍትሔው ፎርማት አድርጎ እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቡት እስከ 15 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ከአርማው በፊት ቡትሎደሩ ክፍት ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በየጊዜው ይታያል፤ አይጠፋም፣ ችግርም አይደለም።

ፍተሻ

ወደ ማሳመር ከመሄድዎ በፊት አንድ ቀን ሙሉ እንዳለ ይሞክሩት። ሩት (በስርዓቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን) እና ሞጁል (ስርዓቱን የሚቀይር ተጨማሪ) ቀድሞ የገባበት ስልክ ሲታመም ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

ከስልክነቱ ይጀምሩ። ይደውሉ፣ ይቀበሉ፣ ስፒከሩን ያብሩ፣ ስልኩን ጆሮዎ ላይ ሲያደርጉ ስክሪኑ መጥፋቱን ይዩ። *804# ይደውሉና ቀሪ ሂሳብ መምጣቱን ያረጋግጡ፤ ዩኤስኤስዲ ካልሠራ ብዙ አገልግሎት ይቀርብዎታል። በአማርኛ ረዘም ያለ ኤስኤምኤስ ይላኩ፤ በፊደላችን አንድ መልእክት 70 ቁምፊ ብቻ ስለሚይዝ ተከፋፍሎ ይሄዳል፣ በተቀባዩ ስልክ ተገጣጥሞ አንድ ሆኖ መታየት አለበት። *#*#4636#*#* ቢደውሉ የኔትዎርኩ ዓይነትና የሲግናሉ ጥንካሬ በቁጥር ይታያል።

የባትሪ ፍተሻው ሌሊት ይደረጋል። ማታ 4 ሰዓት ላይ መቶኛውን ይጻፉ፣ ሲም ገብቶ ዋይፋይ በርቶ ይተዉት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያንብቡ። በ8 ሰዓት ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢቀንስ ጤነኛ ነው እንላለን። ከ10 ካለፈ በማግስቱ ማታ በኤርፕሌን ሞድ ይድገሙት። በኤርፕሌን ከዳነ ጥፋቱ ደካማ ሲግናል የሚያሳድደው ሞደም ነው፤ ካልዳነ እንዳይተኛ የሚያደርገው አፕ አለ፣ ባትሪ ዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጉት። የመጀመሪያውን ሌሊት ግን አይቁጠሩት፣ አፖች እየወረዱና እየተዘጋጁ ስለሚያድሩ።

አማርኛው ደህና ነው። ስርዓቱ የኢትዮጵያ ፊደል አብሮት ስላለ ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ ሳጥን አይታይም፣ የስልኩን ቋንቋ አማርኛ ማድረግም ይቻላል፤ ሊኒየጅ ራሱ የጨመራቸው ቅንብሮች ላይ እንግሊዝኛ ጣልቃ ሊገባ ይችላል። ለመጻፍ ግን አብሮት በሚመጣው ቁልፍ ሰሌዳ አይተማመኑ። ጋፕስ ከጫኑ ጂቦርድ አማርኛ አለው። ያለ ጎግል ለመኖር ከወሰኑ ኪማንን ይጫኑ፤ ክፍት ምንጭ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ካሜራው ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የፒክስል ፎቶ ውበት ያለው በ12.2 ሜጋፒክስል ሌንሱ ብቻ ሳይሆን በጎግል ካሜራ አፕ ስሌት ነው። ከሊኒየጅ ጋር የሚመጣው «አፐርቸር» ንጹሕና ፈጣን አፕ ነው፤ መስኮት ከጀርባው ያለው ሰው ሲነሳ ግን ፊቱ ይጠቁራል ወይም ሰማዩ ነጭ ይሆናል። ማታ በአምፖል ብርሃን የተነሳው ደግሞ ይሻክራል። ጎግል ካሜራን (አሁን «ፒክስል ካሜራ» ይባላል) ከፕሌይ ስቶር ሲጭኑ ሁለቱም ይስተካከላሉ። ለፎቶ የሚገዛው ሰው ጋፕስ ይጫን።

ማስተካከያ

ለእኛ አገር ተጠቃሚ ትልቁ ጥቅም ዳታ ላይ ነው። በእያንዳንዱ አፕ መረጃ ገጽ «ሞባይል ዳታ ኤንድ ዋይፋይ» ውስጥ ኢንተርኔትን ጨርሶ መከልከል፣ ወይም ሞባይል ዳታን ብቻ መከልከል ይቻላል። ካልኩሌተር፣ ጋለሪ፣ ከመስመር ውጪ የሚሠራ ጨዋታ፣ ሁሉም ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። «ሲስተም» ሥር ስታተስ ባር ላይ የኔትዎርክ ፍጥነት እንዲታይ ያድርጉ፤ ስልኩን ሳይነኩት ቁጥሩ ሲሮጥ ካዩ ፓኬጅዎን የሚበላ አፕ አለ። የፓወር ቁልፍ ሲያዝ ባትሪ መብራት እንዲበራ የሚያደርግ ቅንብርም አለ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ያመሰግኑታል። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ሦስቱን የአኒሜሽን ፍጥነቶች ወደ 0.5 ዝቅ ማድረግ ስልኩን ቀልጠፍ ያለ ያስመስለዋል። ባትሪ ገጹ ላይ «ቻርጂንግ ኮንትሮል» ካገኙ 80 ላይ ይገድቡት።

ሩት የግድ ካላስፈለገ አይንኩት። ካስፈለገ የጫኑትን ያንኑ ቅጂ የቡት ምስል ሩት በሚሰጠው አፕ፣ በማጂስክ፣ አሻሽለው በፋስትቡት ይጻፉ። የሌላ ሳምንት ምስል ከጻፉ ዋይፋይ ወይም ድምፅ ሊጠፋ ይችላል፣ ከርነሉና ስርዓቱ አይገጥሙምና። ሳምንታዊው አፕዴት ሲመጣ ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት ማጂስክ ውስጥ ወደማይሠራው ስሎት የሚጭነውን ምርጫ ይንኩ፤ አለበለዚያ ሩቱ ይጠፋል።

አፕዴቱ ራሱ «አፕዴተር» ከሚባለው ገጽ በአንድ ንክኪ ይገባል፣ ጋፕሱም ሳይነካ ይቀጥላል። ወደ ቀጣይ ዋና ቅጂ መሸጋገር ግን ሌላ ሥራ ነው፦ በሳይድሎድ ይገባል፣ አዲሱ ጋፕስም ሳይነሳ በፊት ይከተለዋል።

የማይስተካከሉት

ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የባንክና የክፍያ አፕ ነው። ቡትሎደሩ ክፍት የሆነ ስልክ ስልኩ ያልተነካ መሆኑን የሚያጣራውን የጎግል «ፕሌይ ኢንተግሪቲ» ፍተሻ እንዳለ አያልፍም፤ አፑ ይህን ፍተሻ የሚጠቀም ከሆነ አይከፈትም። የሚያሸውዱ ሞጁሎች አሉ፣ ግን ዛሬ ሠርተው ነገ ይቆማሉ፤ ደመወዝ የሚገባበትን አፕ በዚህ ላይ ማንጠልጠል አይገባም። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ በ*889# መሥራታቸው እዚህ ያድናል። ስልክዎ አንድ ብቻ ከሆነና ሥራዎ በባንክ አፕ ከሆነ ይህን ሥራ ይተዉት።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው። «አንድሮይድ ቨርዥን» ገጹ ላይ ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ያያሉ። የአንድሮይዱ ቀን አዲስ ነው፤ «ቬንደር» የሚለው ግን እዚያው ቀርቷል። የሞደምና የሌሎች ቺፖች ዝግ ፈርምዌር ከጎግልና ከኳልኮም ካልመጣ ማንም ሮም ሠሪ ሊጠግነው አይችልም። አንድሮይድ 13 ላይ ከቆመው ስልክ በእጅጉ ይሻላል፣ አዲስ ስልክ ግን አይሆንም።

ወደ ጎግሉ ስርዓት መመለስ ከፈለጉ በክሮም ብራውዘር የሚሠራው የጎግል አንድሮይድ ፍላሽ ቱል ሁሉን ይጨርስልዎታል። ሊኒየጅ ላይ እያሉ ግን ቡትሎደሩን ፈጽሞ አይዝጉ፤ የተዘጋ ቡትሎደር የሚያምነው የጎግልን ፊርማ ነው፣ ስልኩ አይነሳም። መጀመሪያ አንድሮይድ 13 ይመለስ፣ እስከ መነሻ ገጹ ይነሳ፣ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» እንደበራ ይቆይ፣ ከዚያ «ፋስትቡት ፍላሺንግ ሎክ»።